ቴሌቪዥኑ ፊት የቆሙት ሽማግሌዎች

አባቴ በዚህ ዓለም ላይ አምርሮ ሲጣላ ያየሁት ከአንድ ዓይነት ሰዎች ጋር ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ባለ መስመር ሸሚዝ ለብሰው የአሜሪካን ፉትቦል ከሚዳኙት ሪፈሪዎች ጋር። ሥራ ቦታው፣ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ አለቃው ሲቆጣው "ኖ ፕሮብሌም" ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። በጉባኤያችን ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ወንበር አደራደር ሲነታረክ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ቢጫዋ ጨርቅ ከአንዱ ሪፈሪ ወገብ ወጥታ ሣሩ ላይ ስትወድቅ ያ ዝምተኛ ሰው ከሶፋው ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን መስታወት በጣቱ እየወጋ ይሟገታል። ቢጫ ጨርቅ ወደቀ ማለት አንድ ተጫዋች አጥፍቷል ማለት ነው። አጥፊው ሁልጊዜ የኦክላንድ ልጅ የሚሆነው ለምን እንደሆነ፣ አባቴ እንደሚለው፣ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጨዋታውን የተማርነው እኔና እሱ አብረን ነው። ኦክላንድ ስንገባ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ የሱ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሥራ እንጂ ለስፖርት ጋዜጠኛ ፍጥነት የሚበቃ አልነበረም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ አጠገቡ ያስቀምጠኝና "ምን አለ?" ይለኛል። እኔም ከትምህርት ቤት ልጆች የቃረምኩትን እነግረዋለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ ከራሴ እጨምርበታለሁ። አባቴ ለረጅም ጊዜ "ኳሱን መወርወር የሚችለው በዕድሜ ታላቅ የሆነው ተጫዋች ብቻ ነው" ብሎ ያምን የነበረው በኔ ምክንያት ነው። ደንቡ ደስ ብሎት ስለነበር ለማረም አልቸኮልኩም። ቀስ በቀስ ለሁለታችንም ገባን፤ ከገባን በኋላ ግን መውጫ አጣን። እናቴ "አባትና ልጅ ተያይዘው ጠፉ" ትል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ከተማችን የራሷ ቡድን አልነበራትም፤ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶባት ነበርና ያገኘነውን እናይ ነበር። በኋላ ቡድኑ ሲመለስ አባቴ የጠፋ ዘመድ የተመለሰለት ያህል ተደሰተ። ችግሩ የዳኝነቱ ነገር ነበር። በዚያን ዘመን ሊጉ፣ ሪፈሪዎች አወዛጋቢ ውሳኔን በቴሌቪዥን መልሰው እንዲያዩ የሚፈቅደውን ደንብ ሰርዞት ነበር። ተሳሳቱም አልተሳሳቱም አንዴ ያሉት ይጸናል። አገር ሙሉ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስሕተቱን በሪፕሌይ ያያል፤ የፈረደው ሰው ብቻ አያይም። አባቴ ይህ ሲገባው እንቅልፍ አጣ።

"ሊጉ ካላየ እኔ አያለሁ" አለና የቪዲዮ መቅጃ ገዛ።

ከዚያ ወዲያ ያልተቀዳ ጨዋታ የለም። ባዶ ካሴት ሲያልቅበት ያገኘው ላይ ይቀዳል። የሃይስኩል ምርቃቴ ቪዲዮ እስከ ዛሬ አለ፤ ስሜ ተጠርቶ ካባዬን እየጎተትኩ ወደ መድረኩ ስወጣ ይታያል፤ ርእሰ መምህሯ እጇን ስትዘረጋልኝ አንድ ግዙፍ ሰው ድንገት ሌላ ግዙፍ ሰው ያጋድማል። እናቴ ስታለቅስ አባቴ "እሱ እኮ ግልጽ ጥፋት ነው፤ አይተው ዝም አሉ" አላት።

ሽማግሌ የላከብኝ ልጅ የሳን ሆዜ ነው። የሁለቱ ከተሞች ጉባኤዎች በጋራ ባዘጋጁት የወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ተዋወቅን። እሱ የኮምፒውተር ሰሌዳ የሚፈትሽ ቴክኒሻን ነበር፤ እኔ ኦክላንድ መሃል ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ስልክ አነሣለሁ። ጸባየ ሸጋ ነው፤ ይጸልያል፤ ይሠራል፤ ለእናቱ ይደውላል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። የአሜሪካን ፉትቦል ሲያይ "እነዚህ ሰዎች በየደቂቃው የሚጋደሙት ምን ሆነው ነው?" ይላል። ይህን ከአባቴ ደብቄአለሁ።

አባቴ ስለ ልጁ ያውቅ ነበር፤ ግን እንዳላወቀ መሆን መርጧል። እናቴ ነገሩን ባነሣች ቁጥር ሪሞቱን መፈለግ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ዝምታው ያስፈራኝ ነበር። ሪፈሪ ላይ እንደሚጮኸው ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ያለ አባቴ ፈቃድ ደግሞ አላገባም። ከዚህ ውጭ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይመላለሳል። አባት መጀመሪያ "ከቤተ ዘመድ ልማከር" ይላል፤ ቀጥሎ ይቀጥራል፤ ደጅ ካስጠና በኋላ ይሰጣል። እናቴ ይህን አልቀበልም አለች።

"እዚህ አገር የሚመላለስ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ማን ከሥራ ኦፍ ይሰጠዋል? በመጡበት ቀን እሺ ወይም እምቢ ትላለህ፤ በቃ" አለችው።

"እሺ" አለ አባቴ። ሪሞቱ ከሶፋው ሥር ተገኝቶ ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን የቆረጠችው እናቴ ነች፤ እሁድ፣ ልክ ጨዋታው ሊጀመር ሲል። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ ስለሚጫወት በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ አስቀድማ አጣርታለች። ኦክላንድ በሜዳው ሲጫወት ትኬቱ ተሸጦ ካላለቀ ለኛ አካባቢ አይተላለፍም ነበር፤ ያን ጊዜ አባቴ የሚጣላው ከሬዲዮ ጋር ነው። "አየሽ" አለችኝ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ጨዋታው እንዳያመልጠው ሲል ቶሎ እሺ ብሎ ይሸኛቸዋል። ሰዓቱን ካሳለፉት ግን ብዙ ማሰብ ይጀምራል።" እውነትም ብልሃት መሰለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ግን ለእናቴ ነው።

የተመረጡት ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። መሪው የሳን ሆዜው ጉባኤ አንጋፋ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ ክረምት ከበጋ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ካፖርት የሚለብሱ፣ ብዙ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው። ሁለተኛው ወፈር ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሦስተኛው የካስትሮ ቫሊ ሰው ናቸው፤ አንደበታቸው ድንጋይ ያግባባል ተብሎ የሚወራላቸው። እናቴ ተስፋዋን የጣለችው በሳቸው ላይ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች እሳቸውን ከነርሲንግ ሆም ሥራቸው ሊወስዷቸው በር ላይ ሲደርሱ ግን የሚተካቸው ሠራተኛ አልመጣም። ይመጣል ሲባል ጠበቁ፤ አልመጣም። አዛውንቶቹን ጥለው መውጣት አይችሉም። ተተኪ ያጡት ሽማግሌ ተተኪ አስፈለጋቸው።

ሁለት ሆኖ ሽማግሌ አይኬድም። መኪናውን የሚነዳው ደግሞ ከሪችመንድ የመጣ፣ የአየር ማረፊያ ታክሲ የሚሠራ ጎረምሳ ነበር፤ የመሪው መኪና ስለተበላሸች እንዲያደርሳቸው ብቻ የተጠራ። 880 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዟቸው ሲቆሙ እዚያው መኪና ውስጥ ሾሙት።

"አንተ አትናገርም" አሉት መሪው። "ትቆማለህ፤ ራስህን ትነቀንቃለህ፤ አሜን ሲባል አሜን ትላለህ።"

"እሺ ጋሼ" አለ። የሁለተኛውን ሽማግሌ ኮት አስለበሱት፤ እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል፤ ሆዱ አካባቢ ሌላ ሰው ያስገባል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ሚዜያችን ሲሆን ነው።

በዚህ ምክንያት ለጨዋታው መጀመሪያ የተቀጠሩት ሰዎች ለጨዋታው መጨረሻ ደረሱ። ኦክላንድ በጥቂት ነጥብ እየተመራ ነው፤ የቀረው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ያ ደቂቃ ግን ሰዓቱ በየጥቂቱ እየቆመ ይረዝማል፤ ኳሱ ደግሞ በኛ እጅ ነው። አባቴ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የበሩ ደወል ጮኸ። እናቴ በሩን ስትከፍት ፊቷ አመድ መሰለ፤ የካስትሮ ቫሊው ሰው የሉም፤ በቦታቸው ኮት የዋጠው ጎረምሳ ቆሟል።

እኔ ያን ቀን አልታይም። ሽማግሌ የመጣባት ልጅ ጓዳ ነው ቦታዋ። ሽርጤን እንደታጠቅሁ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አያለሁ። ሳን ሆዜ ያለው ልጅ አላስችል ብሎት ደውዪልኝ ለማለት ፔጀሬን ያስጮኸዋል፤ ፔጀሩ ማቀዝቀዣው ላይ እየነዘረ ይሽከረከራል። ስልኩ ያለው ሳሎን ነውና መልሼ መደወል አልችልም።

አባቴ ተነሣ፤ ለአክብሮት በአንድ ዓይኑ፣ ለጨዋታው በሌላው። "ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ መሪው። "ጉዳይ አለን፤ መልሳችንን ሳናገኝ አንቀመጥም።"

ደንቡ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፤ ሲፈቀድለት ይቀመጣል። ችግሩ የሳሎናችን ጥበት ነበር። ሦስት ሰው ተሰልፎ የሚቆምበት ባዶ ቦታ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለው ብቻ ነው። እዚያው ተሰለፉ። መሪው ከነካፖርታቸው፣ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ካለው ስክሪን ልክ ፊት ለፊት ቆሙ።

"እባክዎ፣ እዚህ ሶፋው ላይ አረፍ ቢሉ" አለ አባቴ።

"አንቀመጥም፣ ወንድማችን።"

"እሺ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ..."

"እንጸልይ" አሉ መሪው፤ ሁሉም ራሱን ደፋ። አባቴ አልደፋም። አንገቱን በግራ በኩል አሰገገ፤ ካፖርት ነው። በቀኝ አሰገገ፤ የሁለተኛው ሽማግሌ ሆድ ነው። ጸሎቱ ሲያበቃ መሪው ንግግራቸውን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። አብርሃም ለልጁ ሚስት እንዲፈልግ ሎሌውን የላከበት ቦታ ሲደርሱ፣ ከካፖርታቸው ኋላ ስታዲየሙ አንድ ላይ ጮኸ።

"ያዘው!" ብሎ ዘለለ አባቴ። "ተችዳውን! አለቀ!"

መሪው በአብርሃም ላይ እንዳሉ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ኳሱ ወደ መጨረሻው መስመር ተወርውሮ፣ የኛ ልጅ በደረቱ ተወርውሮለታል። አንደኛው ሪፈሪ እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ያዘው፣ ነጥቡ ይቆጠራል ማለቱ ነው። ሌላኛው እየሮጠ መጥቶ እጆቹን አወራጨ፤ አልያዘም ማለቱ ነው። ተሰበሰቡ፤ ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ አልያዘም ብለው ፈረዱ። ጨዋታው አለቀ፤ ኦክላንድ ተሸነፈ።

"ሌቦች!" አለ አባቴ። "ዓይናችሁ ይጥፋ!"

"ምን አጠፋን?" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ደንግጠው።

"እናንተን አይደለም፤ እነሱን ነው። በጠራራ ፀሐይ የተያዘ ኳስ..."

እንዳይናገር የተነገረው ጎረምሳ ዳር ላይ ስለቆመ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ አይቶታል። ለካ እሱም በሽታው አለበት። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለ፣ "ሪፈሪዎቹ ልክ ናቸው። ኳሱ መሬት ነክቷል። ኢንኮምፕሊት ነው፤ አይቆጠርም።"

ወደ ጓዳ ተመልሳ የነበረችው እናቴ ከኋላዬ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"አንተ ማነህ?" አለው አባቴ።

"ሽማግሌ ነኝ" አለ ጎረምሳው፣ እጅጌውን ወደ ላይ እየሰበሰበ።

"ልጄን ልትጠይቅ መጥተህ ሪፈሪ ሆነህ አረፍክ?"

"ያየሁትን ነው ጋሼ። በእግዚአብሔር ፊት ቆሜ..."

"እግዚአብሔርን እዚህ ውስጥ አታስገባው! ኳሱ ተይዟል!"

እዚህ ላይ መሪው እጃቸውን አነሡ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ናቸው፤ ጠብ ሲያዩ የመጡበትን ረሱ። ጨዋታውን አያውቁትም፤ ኳሱ ለምን ሞላላ እንደሆነ እንኳ ገና መጠየቃቸው ነበር። "ቅያሜ ባለበት ቤት ጋብቻ አይጠየቅም" አሉ። "መጀመሪያ ይህ ነገር ይለይለት። ሁለታችሁም በየተራ ትናገራላችሁ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል።" አባቴ ተናገረ። ጎረምሳው ተናገረ። ሁለተኛው ሽማግሌ "ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ሰጥቶ ማስታረቅ አይቻልም ወይ?" ብለው ጠየቁ። አይቻልም ተባለ። እጅግ አዘኑ።

"ማስረጃ አለ?" አሉ መሪው።

"ተቀድቷል" አለ አባቴ።

እናቴ ግንባሯን በግድግዳው ላይ አሳረፈች። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፤ ፔጀሩ ይነዝራል፤ እኔ ማልቀስም መሳቅም ከብዶኛል። እዚህ ቤት ውስጥ የሚታየው የኔ ነገር ነበር፤ አሁን ግን የአንድ የማላውቀው ተጫዋች ክንድ ሆኗል። በአባቴ ላይ የዚያን ቀን ያህል ተናድጄ አላውቅም።

አባቴ ካሴቱን ወደ ኋላ ማጠንጠን ጀመረ። ሊታይ የተፈለገው የመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ትንሽ መልሶ ማቆም ይበቃል። ያን መቅጃ ከራሱ እጅ በላይ የሚያውቀው ሰው ግን ሳያቆመው ቀረ። መሣሪያው እያፏጨ፣ እየቆየ፣ እስከ መጀመሪያው ድረስ ተጠነጠነ። ንዴት እጁን ያሰረው መሰለኝ።

"ከመጀመሪያው ነው የሆነው" አሉ መሪው።

"ይሁን፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አለ አባቴ። "ሪፈሪዎቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ከመነሻው ካላያችሁ አይገባችሁም። ተቀመጡና እዩ።"

"አንቀመጥም። ቆመን እናያለን።"

"እንዳላችሁ" አለ አባቴ፣ እሱም አብሯቸው ቆመ።

አራት ወንዶች ቆመው ጨዋታውን ከመጀመሪያው ማየት ያዙ። መሪው ስክሪኑ ፊት መቆማቸው አሁን ተነገራቸውና ወደ ዳር ወጡ። መጀመሪያ በትዕግሥት ያዩ ነበር፤ ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። "ይሄ ለምን ተጋደመ? ያኛው ያለ ጥፋቱ ለምን ተገፋ?" ቢጫ ጨርቅ በወደቀ ቁጥር አባቴ ያቆመዋል፤ ይመልሰዋል፤ ያብራራል። ጎረምሳው ይቃወማል። ትንሽ ቆይቶ መሪው ራሳቸው "እሱስ በደል ነው" ማለት ጀመሩ፤ አባቴ ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለ። የሁለተኛው ሽማግሌ ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ እጃቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳርፈው በአንድ እግራቸው ቆሙ።

"አንተ ሰውዬ!" አለች እናቴ ከጓዳ። "የቆመው እኮ እንግዳ ነው! ፋስት ፎርዋርድ አድርገው!"

አባቴ ሳይወድ አደረገው። የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ሲደርስ አዘገየው፤ ኳሱ ተወረወረ፤ ልጁ ተወረወረ፤ እዚያ ላይ አቆመው። በዚያን ዘመን ካሴት ሲቆም ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ስክሪኑን ለሁለት የሚከፍል ነጭ መስመር ይወርድበታል። መስመሩ ደግሞ ልክ ኳሱ ላይ ነው የወደቀው። ሁሉም ግንባራቸውን አስጠጉ። አባቴ "ይኸው ይዞታል" አለ። ጎረምሳው "ይኸው መሬት" አለ።

"ደንቡን የሚያውቅ፣ ለሁለታችሁም የማያደላ ሌላ ሰው ያስፈልጋል" አሉ መሪው።

"ልጄ ታውቃለች" አለ አባቴ።

"እሷ ዛሬ አትታይም!" ብላ ጮኸች እናቴ።

"ትምጣ" አሉ መሪው። "ዳኝነት ነው፤ ነውር የለውም።"

በእንደዚያ ያለ ቀን ወደ ሳሎን የገባች ሙሽራ ካለች ታሪኳን ብሰማ ደስ ይለኛል። ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ እጄ ሽንኩርት እየሸተተ፣ ለጥያቄዬ ለመጡት ሽማግሌዎች እጅ ነሥቼ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። ኳስ ተያዘ የሚባለው መቼ እንደሆነ አስረዳሁ፤ ተጫዋቹ ኳሱን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ሁለት እግሩ ከመስመሩ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሲወድቅ ኳሱ መሬት ነክቶ ከእጁ ከተንቀሳቀሰ አይቆጠርም። መሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ግልጽ ነው። በይ እዪና ፍረጂ።"

አባቴ ሪሞቱን ሰጠኝ። አይ የኔ ነገር! ተይዟል ብል የተላከብኝን ሽማግሌ ዋሾ አደርገዋለሁ። አልተያዘም ብል ደግሞ እድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ "ልክ ነህ አባዬ፣ ሰርቀውናል" ስል የኖርኩት ልጅ፣ ዛሬ በሰው ፊት ከሪፈሪዎቹ ጋር ልወግንበት ነው፤ ያውም እሺታውን በምፈልግበት ቀን። ምስሉን ቀስ በቀስ አስኬድኩት። ነጩ መስመር ወደ ላይ ሲያልፍ ኳሱ ታየ። ጫፉ ሣሩን ነክቶ በልጁ ክንድ ላይ ተገለበጠ። ደግሜ አየሁት። ያው ነው።

"አባዬ" አልኩ፤ "መሬት ነክቷል።"

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ስክሪኑን ትቶ እኔን አየኝ። "እርግጠኛ ነሽ?" አለ።

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ካየሽው በኋላ ሐሳብሽን አትቀይሪም?"

"አልቀይርም አባዬ።"

ሪሞቱን ከእጄ ተቀበለና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። እሁድ በዚያ ሰዓት ቤታችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሦስቱን ሰዎች በተራ አያቸው፤ ኮት የዋጠው ጎረምሳ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ።

"ተቀመጡ" አለ።

"አንቀመ..." ብለው ጀመሩ መሪው በልማድ፤ ከዚያ ገባቸው። "መልሳችንን አግኝተናል ማለት ነው?"

"ተቀመጡ አልኩ እኮ።"

ሁለተኛው ሽማግሌ የመሪያቸውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ሶፋው ላይ ወደቁ፤ ከልባቸው "ተመስገን" አሉ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በእግሩ ደበደበ። የቀዘቀዘው ወጥ ተሞቀ። አባቴ ለጎረምሳው በእጁ አጎረሰው፤ ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ቅጣት ይሁን ምርቃት መለየት አልቻልንም። እኔ በመጨረሻ ስልኩን አገኘሁ።

"ምን አሉ?" አለ ልጁ ከሳን ሆዜ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። "ለምን ቆየ? እምቢ አሉ?"

"ኳሱ መሬት ነክቷል" አልኩት እያለቀስኩ።

"የምን ኳስ?"

ተጋባንና ሳን ሆዜ ገባሁ። አባቴ አንድም ቀን አልከፋውም፤ ቢያንስ አልነገረኝም። እሁድ እሁድ ግን በጨዋታው መሃል ስልካችን ይጮሃል። "አየሽው?" ይለኛል፤ ሰላምታ የለም። "አየሁት አባዬ።" "ሌቦች ናቸው።" "ሌቦች ናቸው።" ከዚያ ይዘጋዋል። ባሌ ጨዋታውን ሊማር ሞከረ፤ አባቴ "ይህ ልጅ ልቡ ንጹሕ ነው፤ አይገባውም" ብሎ ተስፋ ቆረጠበት። ሪችመንድ ያለው ጎረምሳ ግን እሁድ እሁድ አባቴ ቤት መሄድ ጀመረ፤ ሶፋው ላይ የኔ ቦታ ተቀምጦ ይሟገተዋል።

የፈረንጆቹ ምዕተ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሊጉ የሰረዘውን ደንብ መለሰው። ሪፈሪው አወዛጋቢውን ነገር ሜዳው ዳር ሄዶ በመጋረጃ በተከለለ ስክሪን ማየት ተፈቀደለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ባየነው እሁድ፣ ሪፈሪው ገና ራሱን መጋረጃው ውስጥ ሳያስገባ ስልኬ ጮኸ።

"አየሽ፣ ሪፕሌዩን መለሱት" አለ አባቴ። "እኛ ቤት ነው የተጀመረው።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሪፈሪው እስኪወጣ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ጠበቅን።

"ያን ቀን" አለ፣ "ያ የሪችመንዱ ልጅ ልክ ነበር።"

"ታዲያ በቴፑ አየኸው አይደል፣ አባዬ?"

"ከቴፑ በፊት ነው የምልሽ። የመሪው ሽማግሌ ካፖርት ጉልበታቸው ላይ ነው የሚያልቀው። በሁለቱ እግሮቻቸው መሃል አይቼዋለሁ። ኳሱ መሬት ሲነካ በደንብ አይቼዋለሁ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እያፏጨ እስከ መጀመሪያው የተጠነጠነው ካሴት ትዝ አለኝ፤ ማቆሚያውን ያልነካው እጁ ትዝ አለኝ። "ታዲያ" አልኩት፣ "እነዚያን ትልልቅ ሰዎች ያን ያህል ሰዓት ለምን አቆምካቸው?"

"ከተቀመጡማ" አለ አባቴ፣ "ተሰጠሽ ማለት ነው እኮ።"

ከዚያ "ሪፈሪው ወጣ" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።